ከሾፌሯ ጀርባ ያለው ሾፌር

በዓለም ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ ሁለት ሾፌር አለው። አንደኛው መንጃ ፈቃድ፣ የደንብ ልብስና ደመወዝ አለው። ሁለተኛው ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ግን ከመጀመሪያው አብልጦ ያውቃል። ከመሪው ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ይሰየማል፣ ጉልበቱን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያስደግፋል፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ በአፉ ይነዳል። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ አውቶቡስ አትሳፈሩም፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ።

በዚህኛው መስመር ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክቡር ጋሼ ልቀቅ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም አውቶቡሱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ይህንን ያወጣላቸው ቀይ መብራት ነው። አውቶቡሱ ቀይ ላይ በቆመ ቁጥር ጎንበስ ይሉና ሌባ ጣታቸውን ይቀስራሉ፤ በፊት መስታወቱ አሻግረው መብራቱን አፍጥጠው እያዩ፣ ጫማውን ነክሶ የሮጠን ውሻ እንደሚቆጣ ሰው፣ "ልቀቅ!" ይላሉ። እምቢ ካለ ይደግማሉ። መቼስ መብራት ነውና ጊዜው ሲደርስ ይለቃል። ጋሼም ወደ ተሳፋሪው ዞር ብለው፣ "አያችሁ? አነጋገሩን ካወቁበት ይሰማል" ይላሉ።

ይህን ሁሉ በማጅራቷ የምታዳምጠው ሾፌሯ ናት። ረጋ ያለች፣ መሪ ስትይዝ ሕፃን የታቀፈች የምትመስል ሴት ናት። መንዳት ያስተማሯት ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው እንኳ የጋሼን ያህል አልተናገሯትም።

"ወደ ግራ አትጠጊ፣ ልጄ። ፍሬኑን ቀስ! የጫንሽው ሰው ነው። ጉድጓዷን አየሻት?"

"አየኋት፣ ጋሼ።"

"ማየትና ማለፍ ይለያያል።"

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና፣ "ጋሼ፣ ይህን ያህል ካወቁ ለምን መንጃ ፈቃድ አላወጡም?" አለቻቸው።

"ምን ሊያደርግልኝ?" አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። "አንቺ አለሽ አይደል!"

ከመተላለፊያው ማዶ የምትቀመጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። አፏ ከመርፌዋ የሾለ ነው፤ ጋሼን ሳትወጋ የዋለችበት ቀን የለም። አንድ ጠዋት፣ "ጋሼ፣ ፍሬኑን የያዘችው እሷ፤ ልቀቅ የሚባለው መብራቱ። ለምን እሷን 'ልቀቂ' አይሏትም?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ልቀቅ እንደ ነውር ቆጠሩት። "ምን በወጣኝ! ሴት ልጅን በሥራ ገበታዋ ላይ 'ልቀቂ' ብላት፣ ሥራሽን ልቀቂ ያልኳት አይመስልም? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው እንጀራ አልዘጋም።"

ሾፌሯ በመስታወት አየቻቸው። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለእሷ ክብር ሲባል እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማችው።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ጋሼ፣ አውቶቡስ በመብራት ላይ ቅድሚያ ይሰጠው እያሉ ዓለምን ሲሞግቱ፣ ለራሳቸው ቅድሚያ ወስደው አያውቁም። ፌርማታቸው ላይ በሩ ሲከፈት ከደረጃው ጎን ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። "ይቅደሙ፣ እመቤቴ። ግባ፣ ልጄ። ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!" የተጋበዘው ሰው በተራው ጨዋ ሆኖ ከተገኘ አለቀ።

"ኧረ እርስዎ!"

"በፍጹም!"

"እኔ ልሙት፣ እርስዎ!"

ሁለት ጨዋዎች አንድ በር ላይ ሲገናኙ አውቶቡስ ሥር ያበቅላል። ሾፌሯ መሪውን በጣቷ እየመታች ትጠብቃለች። አንድ ጊዜማ እናቱን ሊሸኝ ብቻ የመጣ ጎልማሳ፣ በጋሼ ግብዣ ብዛት ይሉኝታ ይዞት ተሳፈረና ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዶ በእግሩ ተመለሰ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ከዚያም፣ "ዘገየን እኮ፣ ልጄ። ምን ሆነሻል ዛሬ?" ይላሉ።

ይህን አመል ያመጡት ከሥራቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የሊፍት ሠራተኛ ሆነው ነው። በር ከፍተው፣ ሴቶችን አስቀድመው፣ "ስንተኛ ፎቅ?" እያሉ ሰውን ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ጋሼ ሳይሉ ወደ ላይ አልወጣም። ይህን በየሳምንቱ ይናገሩታል። ሥራው እንዴት እንዳበቃ ግን ትንፍሽ አይሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። ከሆስፒታሉ በታች አንድ መስቀለኛ መንገድ አለ። እዚያ ያለው መብራት ለዋናው መንገድ መኪኖች ቸር፣ ለአውቶቡሱ ቋጣሪ ነው። ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው፣ እዚያ ቀይ ላይ ተዋውቀው አረንጓዴ ሳይበራ የተጋቡ አሉ። ቀልድ ነው፤ መዘዙ ግን ቀልድ አልነበረም። አውቶቡሱ በዚያ መብራት የተነሣ ዘወትር ስለሚዘገይ፣ መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ከመስቀለኛው ወዲህ ሊቆርጠው አሰበ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ወርዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ አውቶቡስ የሚሄደው ደግሞ ክራንች የያዘ፣ ሆዷ የገፋ፣ ትናንት ስፌቱ የተፈታለት ሰው ነው። ጋሼም ለጉልበታቸው ሕክምና የሚመላለሱት እዚያው ነው። ሾፌሯ በበኩሏ፣ መስመሩ ካጠረ ተጠባባቂ እንደምትሆን ተነግሯታል። ተጠባባቂ ሾፌር ማለት ጋራዥ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሰው ሕመም የሚጠብቅ ሰው ነው።

ከመቆረጡ በፊት ግን አንድ ሙከራ ተፈቀደ። አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣና ከመሪው ሥር ትንሽ ሳጥን ገጠመላት። መስቀለኛው ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ተቀለመ፤ ለአውቶቡስ ብቻ የሚበራ መብራትም ተተከለ።

"ስትቃረቢ ሳጥኑ ለመብራቱ ይናገራል" አላት። "አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ ያቆየዋል፤ ቀይ ከሆነ ያሳጥረዋል። ግን ስትዘገዪ ብቻ ነው። በሰዓትሽ ከመጣሽ የሌላውን ሰው ተራ ለምን እንወስዳለን?"

"እውነትህን ነው" አለች። ነገሩ ፍትሐዊ መሰላት።

"ደግሞ አረንጓዴው አጭር ነው። ቶሎ ካልወሰድሽው ይዘጋል።"

ይህን ለጋሼ ልቀቅ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በማግስቱ አውቶቡሱ እንደ ወጉ፣ በር ላይ በተደረገው የጨዋነት ውድድር ዘግይቶ መስቀለኛው ጋ ደረሰ። ጋሼ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ልቀቅ!"

ለቀቀ። ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ለቀቀ። ጋሼ ራሳቸው ደንግጠው ጣታቸውን አዩ።

በማግስቱም ለቀቀ። በሣልስቱም። ጋሼ የኮታቸውን ኮሌታ ማስተካከል አመጡ። ቀጥሎ፣ "አሁንማ ተግባብተናል፣ መጮህም አያሻ" ብለው በሹክሹክታ "ልቀቅ" ይሉት ጀመር። እሱም እሺ! ተሳፋሪው ያጨበጭብ ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ ጉዳዩ የተጓተተበት ሰው፣ "ጋሼ፣ ነገ አብረውኝ ገብተው ፋይሌን እንዲህ ቢሉልኝ" ብሎ ለመናቸው፤ እሳቸውም እንደሚያስቡበት ነገሩት።

ሾፌሯ እውነቱን ታውቃለች። በየቀኑ ሳጥኑ መብራቱን ሲጠይቅ፣ በላዩ ያለችው ጠብታ የምታህል መብራት ብልጭ ስትል ታያለች። ልትነግራቸው ትልና በመስታወት ፊታቸውን ስታይ ትተወዋለች። ማንን ጎዳ? አለች በሆዷ። አውቶቡሱ እያለፈ ነው፣ በሽተኛው እየደረሰ ነው፣ ሽማግሌው እየነገሡ ነው።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት በአንድ ጠዋት መሐንዲሱ ሥራውን ሊያይ ተሳፈረ። መንገዱ ጭር ብሏል። ጋሼ ፌርማታው ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ ማንን ይቅደሙ ይበሉ? እጃቸውን ዘርግተው ግራ ቀኝ ቢያዩ ሰው የለም፤ ቅር እያላቸው ገቡ። አውቶቡሱም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መስቀለኛው ጋ ደረሰ።

ጋሼ እንግዳ መኖሩን አይተው ለየት ባለ ሹክሹክታ፣ "ልቀቅ" አሉ።

ዝም።

"ልቀቅ።"

ዝም።

"ልቀቅ እንጂ! ምን ነካህ ዛሬ?"

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች። መሐንዲሱ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያዘነላቸው መስሎት ነው፣ "አባባ፣ አይድከሙ፣ መብራቱ እርስዎን አይሰማም" ያላቸው። ሳጥኑንም አስረዳቸው። ዛሬ በሰዓቱ ስለመጡ ሳጥኑ እንዳልጠየቀ ነገራቸው።

"ስለዚህ የሚታዘዘው ለሰነፍ ነው?" አሉ ጋሼ።

"ለዘገየ ነው፣ አባባ።"

"እና እስከ ዛሬ..."

"ሳጥኑ ነው።" ልጁ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። "እንዲያውም አውቶቡሱ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እርስዎ የሚሳፈሩበት ፌርማታ ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ይቆያል።"

ሳቁ ተቋረጠ። ጋሼ ወደ ሾፌሯ ማጅራት ዞሩ።

"ታውቂ ነበር፣ ልጄ?"

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለማንም ሳይሆን፣ "ሊፍቱም እንዲህ ነበር" አሉ። "አንድ ጠዋት ብገባ ወንበሬ የለም። ግድግዳው ላይ የሚጫን ቁልፍ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ እየገባ ራሱ ይጫናል። 'ስንተኛ ፎቅ?' ብል ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።" መብራቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ልቀቅ ጨዋነታቸውን ተዉት። በሩ ሲከፈት ማንንም ሳይጋብዙ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ በጎን መስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ጉድጓድ ሲመጣ ዝም። ፍሬን ሲያዝ ዝም። ሾፌሯ ስንት ዘመን የተመኘችው ጸጥታ እጇ ገባ፤ የመጀመሪያው ጠዋት ማር ማር አላት። በማግስቱ ግን መስቀለኛው ላይ ያልጠበቀችው ነገር ደረሰ።

እዚያ ፌርማታው ያለው ከመብራቱ እግር ሥር ነው። ሾፌሯ ዓይኗን ከበሩ መስታወት አትነቅልም፤ ክራንች የያዘ ሰው እየተሳፈረ ሌላ መንገድ ማየት አይቻልም። ያን ቀን ትምህርት ቤት ተከፍቶ መንገዱ ስለተጨናነቀ አውቶቡሱ ዘግይቶ ነበር። ተሳፋሪው ገብቶ አለቀ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሳጥኑ ብልጭ አለ። እሷ ግን የሆነ ነገር እየጠበቀች ተቀመጠች። ምን እንደምትጠብቅ ራሷም አታውቅም። የአውቶቡስ መስመር ነውና ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋ የለም።

"ኧረ ሾፌር፣ ለቆ እኮ ነበር!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቀና ብትል መብራቱ እንደገና ቀልቷል።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። መብራቱን ብቻ አትመለከትም ወይ ትሉ ይሆናል። ተመልክታለች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን መብራቱ ላይ ስትተክል የአንዲት እርጉዝ ሴት ክንድ በሩ ሊይዘው ምንም አልቀረውም፤ ሴትዮዋ ጮኸች። ያኔ ገባት። ለካ እስከ ዛሬ ዓይኗን ለበሩ፣ ጆሮዋን ለጋሼ ሰጥታ ነበር የምትነዳው። ያ የሰለቻት "ልቀቅ" ሳይሰማ እግሯ ከፍሬን አይነሣም።

መሐንዲሱ ደወለ። "ምንድነው ነገሩ? ሳጥኑ ይጠይቃል፣ መብራቱ ይሰጣል፣ አውቶቡሱ አይወስድም። ነገ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ይሳፈራሉ። ነገ እንዲህ ከሆነ መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው፤ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።"

ሾፌሯ ምን ትበለው? ሽማግሌ ተቀይመውኛል ትበለው?

በነጋታው ሁለት አለቆች ከመሐንዲሱ ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ጡብ የሚያራግፍ መኪና አስቆማቸውና አውቶቡሱ በደንብ ዘገየ። ጋሼ ከፌርማታቸው ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ገቡ። መስቀለኛው ጋ ሲደርሱ አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ከነልጃቸው መሳፈር ጀመሩ። ሾፌሯ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተከለች። ሳጥኑ ብልጭ አለ።

"ጋሼ" አለች፣ ሳትዞር።

"አቤት።"

"ይበሉ እንጂ።"

"ምን ልበል፣ ልጄ? ማሽኑ ይነግረው የለ። የኔ ምን ያደርጋል?"

"ማሽኑ የሚነግረው ለመብራቱ ነው። ለኔ ማን ይነግረኛል?"

የአዛውንቱ አንድ እግር ገና መሬት ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ይዛ ተቀመጠች።

"እኔ በሩን ነው የማየው፣ ጋሼ" አለች ሾፌሯ። "መብራቱን የሚያዩልኝ እርስዎ ነበሩ። ተቀይመውኛል፤ ልክ ነዎት፣ መንገር ነበረብኝ። ግን ብቻዬን አልችልም።"

ከወንበሯ ጀርባ የሆነ ነገር ገፋ አደረጋት። ጉልበት ነው። ያ የሚታከመው፣ ስንት ዘመን ወገቧን ሲጎረብጣት የኖረው ጉልበት ወደ ቦታው ተመለሰ። አዛውንቱ ሁለተኛ እግራቸውን አነሡ። ልጃቸው ደገፋቸው። በሩ ተዘጋ። ሾፌሯ አሁንም ከመስታወቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

"ልቀቂ!" አሉ ጋሼ።

መብራቱን አይደለም። እሷን ነው። እግሯ ከጆሮዋ ቀድሞ ሰማ፤ ፍሬኑ ተለቀቀ፣ አውቶቡሱ መስቀለኛውን አቋርጦ ዳገቱን ያዘ። ከኋላቸው አረንጓዴው ተዘጋ።

ትንሽ እንደሄዱ ልብስ ሰፊዋ አልቻለችም። "ጋሼ፣ ሥራሽን ልቀቂ ያሏት መስሎኝ ክው አልኩ እኮ።"

"አንቺ ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነን" አሏት።

ሆስፒታሉ በር ላይ አለቆቹ ሲወርዱ አንደኛው ወደ ጋሼ በአገጩ እያመለከተ ሾፌሯን፣ "እኚህ ሰውዬ ምንድናቸው?" ብሎ ጠየቃት። "ሾፌር ናቸው" አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ። አለቃው ለማን ደመወዝ እንደሚከፍል ያሰበ መሰለ፤ ግን ሰዓቱን አየና መንገዱን ቀጠለ። መስመሩ አልተቆረጠም።

ሲነጋ ሾፌሯ በጋሼ ፌርማታ ላይ ቆማ በሩን ከፈተች። ጋሼ ብቻቸውን ናቸው። ከደረጃው ጎን ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ማንም ለሌለበት አየር ቅድሚያ ይሰጣሉ።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ሰው የለም። ማንን ነው የሚጠብቁት?"

"ማንንም አልጠብቅም" አሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። "እንድንዘገይ ነው። በሰዓታችን ከደረስን አይለቅም አላለም ያ ልጅ?"

ይህን የሰማ ሌላ ሾፌር ቢሆን ጥሩምባ ይነፋ ነበር። እሷ ሞተሩን አጠፋችና ወንበሯ ላይ ተደላደለች።

"እሺ፣ ጋሼ" አለች። "ሲበቃን ይንገሩኝ።"